ፓምፑ ወይስ ቦይለሩ? የቤት ማሞቂያ ሲበላሽ ከጥገናና ከቅያሪ ለመምረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ «ቦይለር» ሲባል መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው፤ ቢበላሽ የሚቀረው የገላ ውሃ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ቦይለር የሚባለው በጋዝ እየነደደ ውሃ የሚያሞቅና ያንኑ ውሃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር የሚልክ የቤቱ ሁሉ የሙቀት ምንጭ ነው። በዚህ ምክንያት በክረምት መካከል ሲቆም፣ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል። ቤቱ የቀዘቀዘበት ሰው ደግሞ ተጣድፎ ይወስናል፤ በጥድፊያ የሚወሰነውም ብዙ ጊዜ «ቦይለሩ አርጅቷል፣ ይቀየር» የሚለው ነው። ከዚያ ውሳኔ በፊት ግን ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ተይዞ መሽከርከር ካቆመ ማላቀቅ፣ ፓምፑን መቀየር፣ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውን ውሃ ማጠብ፣ ወይም ከቦይለሩ ውስጥ የተበላሸውን አንድ ዕቃ ብቻ መለወጥ ይቻላል። በእነዚህ መካከል በትክክል ለመምረጥ መመለስ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ ውሃው ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚለው ነው፤ እሱ ሳይመለስ ስለ አዲስ ቦይለር መነጋገር አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው በራሴ ቤት ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ለንደን ውስጥ በምኖርበት ቤት የነበረው ቦይለር አንድ ክረምት ላይ በበራ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጥፋት፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መብራት፣ እንደገና መጥፋት ጀመረ። የመጣው ሠራተኛ የቦይለሩን ዕድሜ ጠይቆ፣ አንዲት ቧንቧ እንኳ በእጁ ሳይዳስስ፣ አዲስ እንዲገጠም መከረኝ፤ እኔም ተስማማሁ። አዲሱ ቦይለር በሁለተኛው ክረምቱ ልክ የአሮጌውን ጠባይ አመጣ። በዚህ ጊዜ የመጣው ሌላ ባለሙያ ፓምፑን ፈታና ውስጡን አሳየኝ። ውሃውን የሚገፋው ትንሽ መዘውር እንደ ቡና አተላ በወፈረ ጥቁር ጭቃ ተሸፍኖ ነበር፤ ባለሙያው ከጭቃው በጣቱ ጫፍ ጥቂት አንሥቶ ማግኔት ሲያስጠጋበት ጭቃው ከጣቱ ተነሥቶ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። ጭቃው ከራዲያተሮቼ የውስጥ ግድግዳ ለዓመታት ሲቦረቦር የኖረ የብረት ዝገት ነበር። አሮጌውን ቦይለር ያስቸገረው እሱ ነበር፤ አዲሱም የተገጠመው እዚያው ቆሻሻ ውሃ ላይ ነው።

ለባለሙያ ብቻ የሚተወው ሥራ

ጋዝ ከሸተተ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ፣ በርና መስኮት ከፍተው፣ የሚቻል ከሆነ ጋዙን ከቆጣሪው ላይ ዘግተው ይውጡ፤ ከደጅ ሆነውም ወደ ጋዝ አደጋ መስመር በ0800 111 999 ይደውሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮህም እንዲሁ ነው። ከሰል ያልጠፋበት ማንደጃ ይዞ በተዘጋ ቤት መተኛት ምን እንደሚያመጣ ከአገር ቤት የምናውቅ ሰዎች ይህን ጋዝ እናውቀዋለን፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በደንብ የማይነድ ቦይለርም ያወጣዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የጋዝ ደኅንነት ደንብ መሠረት የጋዝ ሥራ የሚሠራው ብቃቱ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው። መዝጋቢው አካል ከኤፕሪል 2009 ጀምሮ ጋስ ሴፍ ሬጂስተር የሚባለው ሲሆን፣ ባለሙያው የሚይዘው መታወቂያ ጀርባ ላይ የትኞቹን የጋዝ ዕቃዎች እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ተጽፏል፤ ያንን ጀርባ አገላብጦ ማየት ነውር አይደለም። በብዙ ዘመናዊ ቦይለሮች ላይ የፊት ክዳኑ ራሱ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ቤት እንዳይወጣ የሚያሽግ ክፍል ስለሆነ፣ «ውስጡን ብቻ ልይ» ብሎ መክፈት አይፈቀድም። በዚህ የተነሣ የፓምፑ ቦታ በምርጫው ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ፓምፑ ከቦይለሩ ውጭ፣ ብዙ ጊዜ የሙቅ ውሃው ማጠራቀሚያ (ሲሊንደር) ባለበት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ሊለውጠው ይችላል፤ ያለ ሲሊንደር ራዲያተሩንም የቧንቧውን ሙቅ ውሃም በሚያሞቀው ኮምቢ ቦይለር እንደሚደረገው ቦይለሩ ውስጥ የተገጠመ ከሆነ ግን ሥራው የተመዘገበው የጋዝ ባለሙያ ነው።

ውሃው ይዞራል ወይስ አይዞርም?

ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የግፊት መለኪያውን ይመልከቱ። የታሸገ የውሃ ዑደት ባላቸው ቤቶች ሁሉም ሲቀዘቅዝ መርፌው ከ1 እስከ 1.5 ባር አካባቢ መሆን አለበት። ከዚህ ብዙ ከወረደ አብዛኛው ቦይለር አልነሣም ይላል፤ መድኃኒቱም ፊሊንግ ሉፕ በሚባለው የውሃ መሙያ ቱቦ ግፊቱን መልሶ ማምጣትና ቱቦውን በሚገባ መዝጋት ነው። በየሳምንቱ መሙላት የሚያስፈልግ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ስለሆነ መሙላቱ መፍትሔ መሆኑ ይቀራል፤ እንዲያውም በየጊዜው የሚገባው አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ዝገቱን ያፋጥናል። መርፌው ቤቱ ሲሞቅ ወደ 3 ባር እየወጣ፣ ሲበርድ ደግሞ ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ የተበላሸው ፓምፑም ቦይለሩም አይደለም፤ የሚሞቀውን ውሃ መስፋፋት የሚቀበለው ጋን የአየር ግፊቱን አጥቷል። በ3 ባር ላይ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ሲቀዘቅዝ ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው። ጋኑን አየር መሙላት ወይም መቀየር ከቦይለር ቅያሪ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ግፊቱ ደህና ከሆነ ማሞቂያውን አብርተው ከቦይለሩ የሚወጣውንና ወደ ቦይለሩ የሚመለሰውን ቧንቧ በጥንቃቄ በእጅዎ ይዳስሱ። ወጪው ቧንቧ ወዲያው እሳት ሆኖ፣ ተመላሹ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ቢቆይና ቦይለሩም በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋ፣ ቦይለሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ያመነጨውን ሙቀት የሚወስድለት ግን አጥቷል። ራሱን ከመጠን በላይ ከመሞቅ ለማዳን ይጠፋል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ይህ ምልክት የፓምፕ መያዝን፣ የአየር መታፈንን፣ የተዘጋ ቫልቭን ወይም የጭቃ መደፈንን ያመለክታል። ወጪውም ተመላሹም ቀዝቃዛ ከሆኑና ነበልባል ከነጭራሹ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ቦይለሩ፣ የክፍሉን ሙቀት ወደሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወይም ወደ ኤሌክትሪኩ ይዞራል።

ኮምቢ ቦይለር ያለው ሰው ሌላ ቀላል ምርመራ አለው። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይክፈት፤ ውሃው በደንብ ሞቆ ሳይቆራረጥ ከመጣ፣ ያው ፓምፕ ለሙቅ ውሃውም የሚያገለግል ስለሆነ ፓምፑ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል። ራዲያተሮቹ ብቻ ከቀዘቀዙ ጥርጣሬው ውሃውን በቧንቧውና በራዲያተሩ መካከል በሚያፈራርቀው ዳይቨርተር ቫልቭ ወይም በክፍሉ ቴርሞስታት ላይ ይወድቃል። በተቃራኒው በአንዳንድ የቆዩ ቤቶች የሲሊንደሩ ውሃ የሚሞቀው ያለ ፓምፕ ነው፤ ሙቅ ውሃ በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ። በእነዚህ ቤቶች ፓምፑ ፈጽሞ ቢሞትም የቧንቧው ውሃ ይሞቃል። እንግዲህ «ሙቅ ውሃ አለ፣ ራዲያተር የለም» የሚለው አንድ ምልክት በሁለት ቤቶች ሁለት ተቃራኒ ነገር ይናገራል፤ በስልክ ሲያስረዱም የቤትዎ ማሞቂያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው መናገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ፓምፑ ከቦይለሩ ውጭ ከሆነ ረጅም ካቻቪቴ ወስደው ጫፉን በፓምፑ አካል ላይ፣ እጀታውን ደግሞ በጆሮዎ አጥንት ላይ ያሳርፉ። ጤነኛ ፓምፕ ወጥ የሆነ ለስላሳ ድምፅ ያሰማል። ድምፅ ሳይኖረው አካሉ በጣም ከሞቀ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መዘውሩ ተይዟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ካሰማ አየር ገብቶበታል ወይም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ክፍል ተበልቷል። ድምፅም ሙቀትም ከሌለ ኤሌክትሪኩ ጨርሶ ላይደርሰው ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሞተር የሚከፈቱትን ቫልቮች በመርሳት ነው። ለራዲያተርና ለሲሊንደር ሁለት የተለያዩ ቫልቮች ባሉበት ቤት፣ ቫልቩ ተከፍቶ ሲያበቃ በውስጡ ያለች ትንሽ ማብሪያ ናት ለፓምፑና ለቦይለሩ «ተነሡ» የምትለው። ቫልቩ ካልተከፈተ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ዝም ይላሉ። በቫልቩ ጎን ያለችውን ትንሽ ማንሻ ሲገፏት ብትከብድ ቫልቩ አልተከፈተም፤ ያለ ተቃውሞ የምትላወስ ከሆነ ሞተሩ ከፍቶታል። ስንት ጤነኛ ፓምፕ በዚህች ማብሪያ ምክንያት ተፈትቶ እንደተጣለ አላውቅም፤ አንድም ቢሆን ግን ብዙ ነው።

ስለ ራዲያተሮች ባጭሩ፤ ከላይ ቀዝቅዞ ከታች የሞቀ ራዲያተር አየር ይዟል፣ በቁልፉ ከፍቶ ማስተንፈስ ይበቃዋል። ከላይ ሞቆ ከታች መሐሉ ላይ የቀዘቀዘ ግን ጭቃ ተኝቶበታል።

ማላቀቅ ወይስ መቀየር

የቆየ ዓይነት ፓምፕ በተለይ በበጋ ወራት ሳይሠራ ቆሞ በመስከረም ሲበራ ይያዛል። ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጥፍተው፣ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፈው፣ ፊቱ ላይ ያለውን ሰፊ ብሎን ሲፈቱ ጥቂት ውሃ ይንጠባጠባል፤ በውስጡ የሚታየውን የዘንጉን ጫፍ በካቻቪቴ ግራና ቀኝ በእርጋታ ማዞር ብዙ ጊዜ ያስነሣዋል። ብዙዎቹ አዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ ፓምፖች ይህ ብሎን የላቸውም፤ ሲያዙ ራሳቸውን ለማላቀቅ ይሞክራሉ። የዚህ አማራጭ ጥቅሙ ወጪ አለመጠየቁ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ ምክንያቱን አለማጥፋቱ ነው። አንድ ጊዜ ተይዞ የተላቀቀ ፓምፕ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ የተያዘን ፓምፕ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ማላቀቅ ሥራን ለበረዶ ሌሊት ማቆየት ነው። ከተነሣ በኋላ በበጋም ቢሆን በየሁለት ሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቂያውን ማብራት መያዝን ይከላከላል።

መቀየሩ ሲመረጥ ለብቻው የሚገጠም ፓምፕ ዋጋው ከአዲስ ቦይለር ጋር አይነጻጸርም። በብሪታንያ ቤቶች የተለመደው የፓምፕ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 130 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በአውሮፓ በሌሎች አገሮች 180 ሚሊሜትሩ ብዙ ስለሚገኝ ከውጭ የሚያዝ ሰው አስቀድሞ ይለካ። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2013 ጀምሮ የአውሮፓ የኃይል ቁጠባ ደንብ የቆዩትን ባለ ሦስት ፍጥነት ፓምፖች ከአዲስ ሽያጭ ስላስወጣቸው፣ ዛሬ የሚገዛው ባለ ኤሌክትሮኒክስ ነው። አሮጌው በከፍተኛ ፍጥነቱ 90 ዋት ያህል ሲወስድ አዲሱ ለተራ ቤት ብዙ ጊዜ ከግማሹ ባነሰ ይሠራል፤ በክረምት ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ዕቃ ይህ የሚታይ ቁጠባ ነው።

አዲሱ ፓምፕ ግን አንድ ድካም አለበት፣ እሱም ለምርጫው ወሳኝ ነው። የአዲሱ መዘውር ቋሚ ማግኔት ስላለው የብረት ዝገቱን ራሱ ይስበዋል። አሮጌው ፓምፕ ለዓመታት ታግሶት የኖረው ጥቁር ውሃ አዲሱን በአጭር ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ባለሙያዎች አንዱ «ፓምፑን ብቻ ለውጬ ልሂድ» ሲል፣ ሌላው «መጀመሪያ ውሃውን ልይ» ቢል፣ ሁለተኛው ሒሳቡ ከፍ ቢልም እሱን መምረጥ ይሻላል። ሲገጠምም ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ በአካሉ ላይ ያለው ቀስት ወደ ውሃው አካሄድ መዞሩንና የመዘውሩ ዘንግ አግድም መሆኑን። ዘንጉ ቆሞ የተገጠመ ፓምፕ አየር ይይዛል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በሁለቱ ጎኖቹ ያሉት መዝጊያ ቫልቮች የማይዘጉ ሆነው ከተገኙ ያን ጊዜውኑ ይቀየሩ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጥገና የቤቱ ውሃ በሙሉ መፍሰስ ይኖርበታል።

ውሃውን ማጠብ

እጥበት በሦስት መንገድ ይሠራል። ቀላሉ ማጽጃ ኬሚካል ጨምሮ ማሞቂያውን ለተወሰኑ ቀናት እንደወትሮው እያሠሩ ማቆየትና ከዚያ አፍስሶ በንጹሕ ውሃ መሙላት ነው። ሁለተኛው ራዲያተሮቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ደጅ አውጥቶ በጎማ ማጠብ ነው፤ አድካሚ ነው፣ ነገር ግን ሁለት ሦስት ራዲያተር ብቻ በተደፈነበት ቤት ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያየሁበት ነው። ሦስተኛው ፓወር ፍላሽ የሚባለው፣ ከውጭ በሚመጣ ጠንካራ ማሽን ውሃውን በከፍተኛ ፍጥነት በወዲህም በወዲያም የሚገፋው ነው።

ፓወር ፍላሽ ለሁሉም ቤት እንደ ግዴታ ተደርጎ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ አይደለም። ቧንቧዎቹ ጤነኛ ሆነው ጭቃው በቤቱ ሁሉ የተሰራጨ ከሆነ ገንዘቡን ያወጣል። ራዲያተሮቹ ከውስጥ ሳስተው በዝገት ብቻ ታሽገው የቆሙ ከሆነ ግን ማሽኑ የደፈነውን ዝገት ሲያነሣ ቀዳዳውን ይከፍታል፤ በአሮጌ ቤት ከሥራው በፊት ይህ አደጋ ሊነገርዎት ይገባል። እንደ እርሳስ የቀጠኑ የ8 ወይም የ10 ሚሊሜትር የመዳብ ቧንቧዎች ባሉባቸው ቤቶችም ፈጽሞ የተደፈነ መስመር በማሽንም ላይከፈት ይችላል። ከመስማማትዎ በፊት ከአንድ ራዲያተር ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ቀድተው በመስኮት ብርሃን ይመልከቱት። ጥርት ያለ ወይም ቀለል ያለ ግራጫ ከሆነ እጥበቱ ሊቆይ ይችላል፤ ጣት የማያሳይ ጥቁር ከሆነ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት ይታጠብ።

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ሁለት ነገር መከተል አለበት፤ ዝገት መከላከያ ኬሚካል መጨመርና በተመላሹ ቧንቧ ላይ ባለ ማግኔት ማጣሪያ መግጠም። በማጣሪያው ውስጥ በየዓመቱ የሚገኘው ጭቃ ራሱ ምርመራ ነው፤ መጠኑ እያነሰ ከሄደ ውሃው እየዳነ ነው።

የቦይለሩ አንድ ዕቃ ወይስ ቦይለሩ በሙሉ

ውሃው መዞሩ ተረጋግጦ ጥፋቱ በእርግጥ በቦይለሩ ላይ ሲሆን ብቻ ወደዚህ ንጽጽር እንመጣለን። እዚህም አንድ የሐሰት ሞት አለ። በውርጭ ሌሊት የቆመ ዘመናዊ ቦይለር የሚያወጣው የእንፋሎት ውሃ በውጭ ግድግዳ በምታልፈው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በርዶ ስለደፈነው ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው በጭሱ የሚጠፋውን ሙቀት መልሰው በሚይዙት፣ ኮንደንሲንግ በሚባሉት ቦይለሮች ሲሆን፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2005 ጀምሮ የሚገጠሙት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር እነዚሁ ናቸው። ቱቦዋ ላይ ለብ ያለ ውሃ ማፍሰስ፣ የፈላ ሳይሆን፣ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ከዚያ ዳግም ማስነሻውን መጫን ይበቃል። ይህ በየክረምቱ የሚደጋገም ከሆነ የውጭውን ቱቦ በ32 ሚሊሜትር ቀይሮ ሽፋን ማልበስ ነው፤ ቦይለር አይቀየርበትም።

ከቦይለሩ የሚሰማ እንደ ጀበና የሚንተከተክ ድምፅም ሁልጊዜ የእርጅና ምልክት አይደለም። የለንደን ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ኖራው ወይም ጭቃው በሙቀት ማስተላለፊያው ላይ ሲጋገር ውሃው በዚያች ቦታ ይፈላል። ቶሎ ከተደረሰበት ኬሚካል ሊያነሣው ይችላል።

የእውነት የተበላሸ ዕቃ ሲገኝ፣ የማቀጣጠያ ኤሌክትሮድ፣ የሙቀት መለኪያና ዳይቨርተር ቫልቭ ያለ ብዙ ማመንታት የሚቀየሩ ናቸው። ማራገቢያና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ወደ ሒሳብ ይወስዳሉ። ዋናው ሙቀት ማስተላለፊያ ከተሰነጠቀና ዋስትናው ካለፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ መቀየሩ ያዋጣል። ሌሎች እንደሚያደርጉት «ከዚህ ዓመት በላይ ከሆነ ይጣል» የሚል ቁርጥ ቁጥር ማስቀመጥ አልወድም። የሚበጀው ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፤ አምራቹ መለዋወጫውን እስካሁን ያወጣል ወይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ዕቃ ተቀይሯል፣ ቦይለሩ ከ2005 በፊት የተገጠመው ነባሩ ዓይነት ነው ወይስ ኮንደንሲንግ? ነባሩ ዓይነት ከሚያቃጥለው ጋዝ ሙቀት ጥቂት የማይባለውን በጭስ ማውጫው ስለሚጥል፣ ውድ ዕቃ ሲጠይቅ መሰናበቱ ተገቢ ነው። ኮንደንሲንግ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዕቃ የተበላሸበትን መቀየር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

አዲስ ከተመረጠ፣ ረጅሙን የዋስትና ዘመን ብቻ አይተው አይምረጡ። ብዙ ዋስትናዎች በየዓመቱ ሰርቪስ መደረጉን፣ ውሃው መታጠቡንና ኬሚካል መጨመሩን በጽሑፍ ይጠይቃሉ። የእኔ ሁለተኛ ቦይለር ሙቀት ማስተላለፊያው ሲደፈን አምራቹ የእጥበቱን ማስረጃ ጠየቀኝ፤ ስላልነበረኝ ወጪው በእኔ ላይ ወደቀ። ስለዚህ እጥበቱ፣ የኬሚካሉ ስምና ቀኑ ከቦይለሩ ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ላይ ሳይሞላ የመጨረሻውን ክፍያ አይክፈሉ።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ

ከላይ ያለው ሁሉ ንጽጽር ለባለቤት ነው። በእንግሊዝ ከሰባት ዓመት ባነሰ ውል ለሚኖር ተከራይ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና የተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 ማሞቂያውንና የሙቅ ውሃውን የመጠገን ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል። አከራዩ በየዓመቱ የጋዝ ደኅንነት ምርመራ አስደርጎ የምርመራውን ወረቀት በ28 ቀናት ውስጥ ለነባሩ ተከራይ መስጠት አለበት፤ በእንግሊዝ ደግሞ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ቦይለር ባለበት መኖሪያ ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል መኖር ግዴታ ነው። ብዙ ወገኖቻችን «አከራዩን ላለማስቀየም» ብለው ከኪሳቸው ያሠራሉ ወይም ክረምቱን በኤሌክትሪክ ማንደጃ ያሳልፋሉ፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፣ የማይገባቸውን ዕዳ ተሸክመዋልና። ችግሩን በጽሑፍ፣ ቀኑን ጠቅሰው፣ የግፊት መለኪያውንና በቦይለሩ ላይ የሚታየውን የስሕተት ቁጥር ፎቶ አያይዘው ያስታውቁ። ወጪውና ጥገናው የእርሱ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ምልክቱን በትክክል መናገር ነው፤ «ሂቲንጉ አይሠራም» ከማለት «ወጪው ቧንቧ ይሞቃል፣ ተመላሹ ቀዝቃዛ ነው፣ በሁለት ደቂቃ ይጠፋል» ማለት ባለሙያው ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ያደርገዋል።

ጋዙን ትቶ ወደ ሂት ፓምፕ

ቦይለሩ በእርግጥ የሚሰናበት ከሆነ አንድ ተጨማሪ አማራጭ ይመጣል። በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ከጋዝ ቦይለር ከውጭ አየር ሙቀት ወደሚስብ ሂት ፓምፕ ለሚለውጥ ባለቤት ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 7,500 ፓውንድ ይደጉማል። ይህ መሣሪያ ውሃውን እንደ ጋዝ ቦይለር በጣም ሳያግል ለረጅም ሰዓት ለብ አድርጎ እያዞረ ስለሚያሞቅ፣ ሰፋፊ ራዲያተርና በደንብ የሚዞር ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ፓምፑ የደከመ፣ ቧንቧው የተደፈነ ቤት ሂት ፓምፕ ቢገጠምለትም ይቀዘቅዛል።

ቤትዎ ለዚህ ይመች እንደሆነ ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። አሁን ያለው ቦይለር እየሠራ ሳለ በአንድ ብርቱ የብርድ ሳምንት ወደ ራዲያተሮች የሚሄደውን ውሃ ሙቀት ከተለመደው 70 ወይም 80 ዲግሪ ወደ 50 ያውርዱ፤ ሲሊንደር ካለዎት ግን የእርሱ ውሃ በ60 ዲግሪ እንደተቀመጠ ይቆይ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባልና። ማሞቂያውን ቀኑን ሙሉ ይተዉትና የየክፍሉን ሙቀት በማስታወሻ ይጻፉ። በ50 ዲግሪ ሁሉም ክፍል ከሞቀ ቤቱ ለሂት ፓምፕ ዝግጁ ነው፤ በዚያው ሳምንትም የኮንደንሲንግ ቦይለርዎ ተመላሽ ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ስለሚሆን በጭሱ ይጠፋ የነበረውን ሙቀት መልሶ እየያዘ ጋዝ ይቆጥብልዎታል። አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ከቀዘቀዙ የእነዚያን ራዲያተሮች ማስፋት ይበቃል። ሁሉም ከቀዘቀዙ ለጊዜው ቦይለሩን ጠግነው፣ የጣራውንና የግድግዳውን ሽፋን አሻሽለው፣ ምርመራውን በሚቀጥለው ክረምት ይድገሙት።